ስሙን ሳይጠይቅ ያነሳው ፎቶ

አንድ ሰው ነበረ። ፎቶ አንሺ ነበረ።

ልጄ፣ ትናንት ጠዋት በር ላይ ቆመሽ የጠየቅሽኝን አልረሳሁትም። ታክሲው እየጠበቀን፣ ሰዓቱ እየሄደ፣ እኔ ገና በጸሎቴ ስም እየጠራሁ ነበር። «እማዬ፣ እግዚአብሔር ሁሉን ያውቅ የለም እንዴ? ‹ዘመዶቼን ሁሉ ጠብቅልኝ› ብትዪ አይበቃም? ምን አንድ በአንድ ያስቆጥርሻል?» አልሽኝ። ያን ሰዓት ነጠላዬን አጣፍቼ ታክሲው ውስጥ ገባሁ። ቀኑን ሳወጣ ሳወርድ ውዬ ይህ ሰው ትዝ አለኝ። የካሜራ ነገር ባላውቅም እንደሰማሁት ልንገርሽ።

ሰውዬው የሚኖረው በአንዲት መለስተኛ ከተማ ነበር። በሥራው የተመሰገነ ስለሆነ ያለ እሱ ሠርግ አይደገስም ማለት ይቻላል። ካሜራው ከአዲሶቹ ወገን ነው፤ ሆዱ ውስጥ መስታወት የሌለው፣ ሚረርለስ የሚሉት። ይህ ካሜራ ሰው ፊቱ ሲቆም ራሱ ይመርጣል፣ ራሱ ያጠራል። ለሰውዬው የሚተርፈው ሥራ በጣቱ መጫን ብቻ ነበር። በአንድ ሠርግ ሦስት ሺህ ፎቶ ያነሳል። ጓደኞቹ «ይሄ ሰው ፎቶ አያነሳም፣ ያጭዳል» ይሉታል። እሱም አብሮ ይስቃል።

ሙያውን ያስተማሩት አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ከመናኸሪያው ጀርባ ትንሽ ፎቶ ቤት የነበራቸው። ሲያርፉ ለእሱ አንድ አሮጌ ሌንስ ተዉለት። ብረትና መስታወት ብቻ የሆነች፣ ከበድ ብላ እጅ ላይ የምትቀመጥ፣ ወገቧ ላይ በእጅ የሚዞር ቀለበት ያላት ሌንስ ናት። በራሷ የምታውቀው ነገር የለም። ቀለበቱን ወዲህ ቢያዞሩት ቅርቡ ይጠራል፣ ወዲያ ቢያዞሩት ሩቁ ይጠራል። የትኛው ይጥራ የሚለውን የሚያውቀው የያዛት ሰው ነው።

ሽማግሌው ሰው ፊታቸው በተቀመጠ ቁጥር አስቀድመው «ስምህን ማን ልበል?» ይሉ ነበር። ስሙን ከሰሙ በኋላ ነው እጃቸው ወደ ቀለበቱ የሚሄደው። ተማሪያቸው አንድ ቀን፣

«ጋሼ፣ ስሙ ፎቶው ላይ አይወጣ፤ ምን ያደርግልዎታል?» አላቸው።

«ስሙን ሳላውቅ ማንን ላጥራ?» አሉት።

ተማሪው ይህን የሽማግሌ ወግ ነው ብሎ ተወው። ሌንሷንም ከሞቱ በኋላ በጨርቅ ጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ከተታት። እዚያው ስንት ዓመት ተኛች።

በአንድ ጥር ወር ይህ ፎቶ አንሺ አንድ ትልቅ ሠርግ ያዘ። ከሚዜዎቹ መካከል አንድ ረጅም ወጣት ነበር። ወጣቱ ቀኑን ሙሉ ለሙሽሮቹ ጃንጥላ ሲይዝ፣ የሙሽራዋ ቬሎ መሬት እንዳይጎተት ጫፉን ሲያነሳ፣ ላሮጊቶቹ ወንበር ሲያመላልስ ዋለ። ፎቶ አንሺው ከእሱ ጋር የተነጋገረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «አንተ ረጅሙ፣ ትንሽ ወደ ኋላ!» አለው። ወጣቱም ፈገግ ብሎ ወደ ኋላ ሄደለት።

ከሠርጉ በኋላ ሁለት ወር ሳይሞላ ያ ወጣት በመኪና አደጋ ሞተ።

ለእናቱ አንድ ነበር። በስልኩ የነበረው ፎቶ ሁሉ ከስልኩ ጋር ጠፋ። በጓደኞቹ ስልክ የተገኘው ደግሞ ወይ አፉን ሞልቶ ሲጎርስ ነው፣ ወይ አንገቱን ሰብሮ ሲጨፍር። መቼም እንደምታውቂው በልቅሶ ድንኳን ውስጥ የሟች ፎቶ ይቆማል፤ ያዘነችም ሴት እሱን ከፍ አድርጋ ይዛ ነው የምታለቅሰው። ዘመድ መክሮ «የሠርጉ ፎቶ አለ፤ ሙሉ ልብስ ለብሶ አምሮበት ነበር» አለና ወደ ፎቶ አንሺው ሰው ላከ።

ፎቶ አንሺው በዚያች ሰዓት ሌላ ሥራ ይዞ ይቻኮል ነበር። ኮምፒውተሩን ከፈተ፣ ሚዜዎቹ የቆሙበትን አንዱን መረጠ፣ ወጣቱን ለይቶ ቆረጠና በትልቁ እንዲታተም ላከው። በትንሹ ሲታይ ደህና ይመስል ነበር። አሳድጎ አላየውም። ፎቶው ፍሬም ገብቶለት ከማተሚያው በቀጥታ ወደ ድንኳኑ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን እሱም ልቅሶ ሊደርስ መጣ። ድንኳኑ ጫፍ ላይ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እናቲቱ ጥቁር ለብሳ መሀል ቆማለች። ፍሬሙን በሁለት እጇ ወደ ላይ ስታነሳው ያኔ አየው።

ፊቱ ጉም ነበር። ዓይን መሆኑ ይታወቃል፤ የማን ዓይን እንደሆነ ግን አይታወቅም። ከፍሬሙ ጥግ የሙሽራዋ ትከሻ ገብቷል። የቬሎዋ ዶቃ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ካሜራው ከፊት ያለችውን፣ የምታብረቀርቀውን ሙሽራ መርጦ፣ ከኋላ የቆመውን ትቶታል።

ማንነቱን ሹክ ያላት ሰው ይኖራል፤ ሴቲቱ ፍሬሙን እንደያዘች ወደ እሱ መጣች። ለቅሶው ረገብ አለ። እሱ ብድግ ብሎ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለ።

«አንተ ነህ ያነሳኸው?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ያን ቀን ልጄን አይተኸው ነበር?»

«አዎ» ሊል ከንፈሩን ከፈተ። ሦስት ሺህ ጊዜ ጣቱን ተጭኗል፤ ይህንን ልጅ ግን አንዴም አላየውም። ራሱን በአሉታ ነቀነቀ።

ሴቲቱ አልጮኸችበትም። ቢጮኹበት ይሻለው ነበር። «ፊቱ እየጠፋብኝ ነው» አለችው ቀስ ብላ። «ገና በሦስት ቀኑ። ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣብኝ ይሄ ጉም ነው። ለአርባው ሰው ሲሰበሰብ የቱን ልጄን ነው የማሳየው?»

ከዚያም ፍሬሙን ፊቱን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዙራ አቆመችውና ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ሰውዬው ቤቱ ገብቶ የዚያን ሠርግ ፎቶ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ሳያስቀር ተመለከተ። ወጣቱ በአርባ አንድ ፎቶ ላይ አለ። በአንዱ ጃንጥላው ጋርዶታል፣ በአንዱ የሙሽራው እናት አልፋበታለች፣ በሌላው ጀርባውን ሰጥቶ ወንበር ተሸክሟል። በቀሩት ሁሉ ጉም ነው። ፎቶ አንሺው እያንዳንዱን በከፈተ ቁጥር የገዛ ድምፁ ይሰማዋል፤ «አንተ ረጅሙ፣ ትንሽ ወደ ኋላ!» ስሙን አልጠየቀውም። ያን ጊዜ ሽማግሌው ትዝ አሉት፤ መሳቢያውን ሳበ።

አዲሱ ካሜራ አንድ ደግነት አለው አሉ። መሀል ላይ ማገናኛ ቀለበት ካደረጉለት የማንንም አሮጌ ሌንስ ሳይንቅ ይቀበላል። ደግሞ ፎቶው ምን ሊመስል እንደሆነ ገና ሳይነሳ በመመልከቻው ውስጥ ይታያል፤ ዓይንን ብቻ ለይቶ አጉልቶ ማየትም ይቻላል። ሰውዬው ማገናኛውን አስመጣና ሌንሷን ገጠማት። ካሜራው መምረጡን አቆመ። መምረጥ የእሱ ፈንታ ሆነ።

መጀመሪያ ጣቱ እንቢ አለው። ቀለበቱን ሲያዞር ያልፈዋል፣ ሲመልሰው ደግሞ ያጎድለዋል። ክራር እንደሚቃኝ ሰው ጥቂት ከፍ፣ ጥቂት ዝቅ እያደረገ በመካከል ያለችውን ቦታ ይፈልጋል። ወዳጆቹ «አውሮፕላን አስቁሞ በበቅሎ የሚሄድ ሰው አየን» ብለው ሳቁበት። እሱ ቀለበቱን ማዞሩን ቀጠለ።

ከቤቱ ፊት ለፊት ፀጉር አስተካካይ አለ። አንድ ቀን ከሱቁ ደጃፍ ላይ አስቀመጠውና ካሜራውን አነሳ። የሽማግሌው ቃል ትዝ አለውና መልሶ ዝቅ አደረገው።

«ለመሆኑ ስምህ ማን ነው?» አለ።

«አሥር ዓመት ሙሉ ጭንቅላትህን ሰጥተኸኝ ስሜን አታውቅም?»

«‹ወንድሜ› እያልኩህ ኖርኩ።»

«እኔም ወንድም የበዛብኝ ለዚህ ነው» አለ ፀጉር አስተካካዩ እየሳቀ። «ደርበው እባላለሁ። አሁን ቶሎ በል፤ ፂሜን የተላጨሁት ዛሬ ነው፣ አንተ እስክትጨርስ ይበቅላል!»

ፎቶ አንሺው «ደርበው» አለ በልቡ፤ ቀለበቱን ያዘ። ጉሙ ቀስ እያለ ተገፈፈ። መጀመሪያ አፍንጫው፣ ቀጥሎ የቅንድቡ ፀጉር፣ ከዚያ ዓይኑ ጥርት ብሎ መጣ። ከቅንድቡ በላይ ያረጀ ጠባሳ ነበረ። አሥር ዓመት በመስታወት ውስጥ ፊት ለፊት ሲያየው የኖረውን ሰው ጠባሳ ገና ዛሬ አየ። በዚያች ቅጽበት ደስ አለው። ሐዘኑ አልለቀቀውም፤ ግን ከሐዘኑ ሥር ደስታ ነበረ። አንድን ሰው ከጉም ውስጥ በገዛ እጅ ማውጣት ምን እንደሆነ ገባው። ሽማግሌው በቀን አሥር ሰው አንስተው ለምን የጠገበ ሰው መስለው ወደ ቤታቸው ይሄዱ እንደነበርም ገባው።

አርባው ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው ወደ እናቲቱ ቤት ሄደ። ድንኳኑ ፈርሷል። ፍሬሙ ሳሎን ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል። እናቲቱ እህቷን ይዛ ተቀምጣለች። እህትየው ስታየው ፊቷ ከሰል መሰለ።

«ደግሞ ምን ቀረህ?» አለችው።

«ስሙን ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለ። «ያን ቀን መጠየቅ ነበረብኝ።»

እናቲቱ ቀና ብላ ብዙ አየችው። «ምንይችል» አለች።

«ምንይችል» አለ እሱም። ከዚያ «ይንገሩኝ፣ ምን ይመስል ነበር?» አላት።

ሴቲቱ አንገቷን ደፋች። እህትየው ናት የመለሰችው። «ምን ይነገራል! ዓይኑን ለማየት ከፈለግህ እሷን እያት። ከእሷ ነው የተቀዳው። ሲስቅ የቀኝ ዓይኑ ከግራው ቀድሞ ይጠባል፤ ልክ እንደ እሷ። ልጅ ሳለ ‹የእናትህን ዓይን ሰርቀህ ነው የተወለድከው› እንለው ነበር።»

ፎቶ አንሺው ሴቲቱን ተመለከተ። ለፎቶ ብሎ አልነበረም የመጣው። አሁን ግን እጁ ወደ ቦርሳው ሄደ።

«እማማ፣ ይፍቀዱልኝ፤ እርስዎን ላንሳ።»

«ኧረ ነውር ነው!» አለች እህትየው። «ሐዘንተኛ ተቀምጦ ፎቶ ይነሳል? ሰው ምን ይላል?»

እናቲቱ ሻሿን አስተካከለች። «ከዚህ የሚብሰው ነውር ልጄ ሳይታይ አርባው መድረሱ ነው» አለች። «ወንበሩን ወደ በሩ አምጣልኝ።»

ከበሩ በሚገባው ብርሃን አስቀመጣት። ሌንሷን አነጣጠረ። አየሽ፣ በዚህ ሌንስ የተቀመጠ ሰው ጥቂት ቢተነፍስ እንኳ ጥራቱ ያመልጣል። ሴቲቱ ስታቃስት ይጠፋል፣ እሱ ያዞራል፤ እንባዋን ስትጠርግ ይጠፋል፣ እሱ ይመልሳል። አልተጫነም። ክንዱ እየደከመ መጣ። እህትየው «ምነው፣ ተበላሸ እንዴ?» አለች።

«አልተበላሸም። እየፈለግሁት ነው» አለ። ዓይኑን ከመመልከቻው ሳይነቅል ለእናቲቱ «ቤት ሲገባ ምን ይል ነበር?» አላት።

«ቤት ሲገባማ» አለች፤ እንባዋን ጠርጋ ቀጠለች። «ቤት ሲገባማ ያፏጫል። ኩሽና ሲመጣ ግንባሩ ከበሩ ጉበን ይጋጫል። ረጅም ነው አይደል፣ ዝቅ በል ብለው አይሰማኝም። ሲጋጭ ለእንጨቱ ‹ይቅርታ ጋሼ፣ አላየሁዎትም› ይለዋል። ከረዘመ ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ! ለእንጨት!»

ይህን ስትል የቀኝ ዓይኗ ከግራው ቀድሞ ጠበብ አለ።

ያን ጊዜ ቀለበቱ ቦታው ላይ ነበር። ሰውዬው አንድ ጊዜ ተጫነ። አንድ ጊዜ ብቻ።

ፎቶውን በዚህኛው ጊዜ ሌላ ሰው አላመጣውም። አሳድጎ አየው፣ እንደገና አየው፣ ራሱ አሳትሞ ራሱ በደረቱ አቅፎ ይዞት መጣ። ሴቲቱ ፍሬሙን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ረጅም ጊዜ ቆየች። ከዚያ ፎቶው ላይ ያለውን የራሷን አፍና አፍንጫ በመዳፏ ጋረደችው፤ ዓይኖቹ ብቻ ቀሩ።

«መጣ» አለች።

እህትየው ቀረብ ብላ አየችና አፏን በነጠላዋ ያዘች። እናቲቱ ተነስታ ወደ ግድግዳው ዞሮ የቆመውን የልጇን ፎቶ መለሰችው። ቁመቱና ሙሉ ልብሱ በዚያ አለ፤ ዓይኑ በዚህ አለ። ሁለቱን ጎን ለጎን አቆመቻቸው። ለአርባው የመጣ ሰው ሁሉ ከአንዱ ወደ አንዱ እያየ ምንይችልን በልቡ አሟልቶ ነው የሄደው ይላሉ።

ፎቶ አንሺውን በር ድረስ የሸኘችው እናቲቱ ናት። እጁን ያዘችና «አሁን አየኸው» አለችው።

ሰውዬው ሠርግ ማንሳቱን አልተወም፤ ለሚሮጠውና ለሚጨፍረው ራሱ የሚያጠራውን ፈጣኑን ሌንስ ይጠቀማል። ግን የሙሽሮቹ መኪና ጡሩምባ ሳይጀምር፣ አሮጌዋን ሌንስ ይዞ ከኋላ ወደሚቆሙት ይሄዳል። «ስምህን ማን ልበል? አንቺስ?» ይላል። ፈጣኑ ሥራው እንጀራው ነው፤ የሚወደው ግን ያችን ሰዓት ነው አሉ።

እንግዲህ ልጄ፣ ያልሽው ልክ ነው። እግዚአብሔር ሁሉን ያውቃል። ስም የምጠራው ረስቶ ይሆናል ብዬ አይደለም፤ እሱ ዘንድ ጉም የለም። ጉሙ ያለው እኔ ዘንድ ነው። «ዘመዶቼን ሁሉ» ስል ሦስት ሺህ ፎቶ እንዳነሳው ሰው እሆናለሁ፤ ሁሉን ይዣለሁ፣ አንዱን አላየሁም። የአንቺን ስም ስጠራ ግን እቆማለሁ። ሰሞኑን ከሥራ ስትመጪ ጫማሽን ሳታወልቂ የምትቀመጪውን፣ «ደህና ነኝ» እያልሽ ደህና ያልሆንሽውን አያለሁ። ስምሽን ባልጠራ ይህንን የት አገኘው ነበር?

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። እንደዚያች ሙሽራ ከፊት ቆሞ የሚጋርድ ነገር በእኔም ፎቶ ውስጥ አለ። አክስትሽን ዘርፌን ታውቂያለሽ። በእናታችን ልቅሶ ላይ ሰው ፊት የተናገረችኝ ቃል አለ፤ አራት ዓመት ሆነው። ስሟን ስጠራ የሚመጣልኝ ያ ቃል ነው። እሱ ከፊት ሆኖ ጥርት ብሎ ይታያል፤ እሷ ከኋላው ጉም ናት። «ሁሉን» ብዬ ባልፍ እንዴት በቀለለኝ! ትናንት ታክሲ ያስጠበቅሁብሽ ስሟ ላይ ደርሼ ነው። ቀለበቱን አዞርኩ፣ አልፎ ሄደ፤ መለስኩት። በመጨረሻ ሲጠራልኝ መጀመሪያ የታየኝ እጇ ነው፤ አንቺን ስወልድ ሌሊቱን ሙሉ አልለቅም ብሎ የያዘኝ እጇ። ቀጥሎ ፊቷ መጣ። አርጅታለች፣ ልጄ። እኔ ሳላያት አርጅታለች።

ቅዳሜ ልጠይቃት እሄዳለሁ። የዚያ የትናንቱ የታክሲ ሰው ስልክ ካለሽ ንገሪልኝ፤ ስሙንም ጠይቂልኝ።